ሲሞቅ የማይነሳው ጎረምሳ

ገብረየስ ያን መኪና ሲገዛ፣ የሚያውቁት ሰዎች በመጀመሪያ የጠየቁት ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ጤናው ነበር። ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። በአሜሪካዋ አሌክሳንድርያ ውስጥ፣ ከስካይላይን ፎቆች ብዙም በማትርቅ ጠባብ ቢሮ ተቀምጦ የሰው ታክስ የሚሠራ፣ ደረሰኝ የጣለ ደንበኛ ሲያጋጥመው ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ዕድሜውን ሙሉ ግራጫ ካምሪ በግራጫ ካምሪ ሲተካ የኖረ ሰው ነው። መኪና ልገዛ ነው ብሎ ምክር ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ ነዳጅ የማይበላ፣ አራት በር ያለው፣ መለዋወጫው በየቦታው የሚገኝ። እሱ የገዛው መኪና ከነዚህ አንዱንም አያሟላም።

አናንዴል የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ደንበኛው ባላቸው ሞተውባቸው፣ የንብረት ወረቀት ሊያስተካክልላቸው ቤታቸው በሄደበት ቀን ጋራዡን ከፍተው አሳዩት። ሸራው ሲገለጥ፣ ልክ እንደ እሱ በፈረንጅ 1968 የተወለደ ቀይ ፖንቲያክ ተኝቷል። በሩ ሁለት፣ ኮፈኑ ከባልና ሚስት አልጋ የሚረዝም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ገብረየስ ራሱም በቅጡ ማስረዳት አይችልም። የሚያስታውሰው፣ የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ «ይህንንስ ምን ሊያደርጉት አስበዋል?» ብሎ መጠየቁን ብቻ ነው።

ወደሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ይዞት ሲገባ ልጁ ኃይለልዑል መኪናውን ሁለት ሦስቴ ዞረውና «ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ኤ ሪል መስል ካር» አለ። የጡንቻ መኪና ማለቱ ነው፤ አሜሪካኖች በዚያ ዘመን ለጭነት መኪና የሚበቃ ሞተር መካከለኛ መኪና ውስጥ ጠቅጥቀው ለወጣቶች ይሸጡት የነበረ ዓይነት። ልጁ አክሎም፣ እንዲህ ያለ መኪና ያላቸው ሰዎች ጋራዥ እንደሚያስቀምጡት፣ አየሩ ሲያምር ቅዳሜ ትንሽ እንደሚያንሸራሽሩትና መልሰው ሸራ እንደሚያለብሱት አስረዳው። ገብረየስ ነገሩ አልተዋጠለትም። መኪና ሥራ መሄጃ ነው። ካምሪውን ሸጠና ሰኞ ጠዋት ቀዩን መኪና ይዞ ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቢዘንብ በረዶ ቢወርድ በየቀኑ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድርያ ይመላለስበታል።

«ጎረምሳው» ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። መኪናውን ይሁን ባለመኪናውን ማንም አላብራራም፤ ገብረየስም አልጠየቀም።

ሚስቱ እታለማሁ ነርስ ናት። በሽተኛ የምታረጋጋበትን ቀስ ያለ ድምፅ ቤት ውስጥ ስታወጣው ገብረየስ ይፈራል። «ንዳው» አለችው በዚያ ድምፅ። «ሠርተህ የገዛኸው ነው። ግን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ጎረምሳ አላሳድግም። በየቀኑ እነዳዋለሁ ካልክ፣ በየቀኑ ነው። የኔን መኪና ቁልፍ የጠየቅኸኝ ዕለት እሱ ይሸጣል።»

ይህን ያለችው ጋሼ ዓብዩ ምሳ ተጋብዘው በመጡበት ቀን ነው። ጋሼ ዓብዩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሽምግልና ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የእሳቸው ስም ነው። ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ «ሰምቻለሁ» አሉ። በዚህም ነገሩ ምስክር ያለው ውል ሆነ።

ውሉ ባይኖር ኖሮ ገብረየስ የመኪናውን አመል ያስጠግነው ነበር። ጎረምሳው ቀዝቅዞ ሲያድር በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። ረጅም መንገድ ሄዶ፣ ሞቆ ከጠፋ ግን እስኪበርድ ድረስ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ይልና ዝም። መካኒኩ ጆኒ ኮፈኑን እንደከፈተ ነው ምክንያቱን ያወቀው፤ ሟቹ ባለቤት በጉልበት ላይ ጉልበት ፈልገው የቀየሩት ወፍራም የጭስ ቱቦ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ተጠግቶ ይጠብሰዋል። በመካከላቸው አንድ ቆርቆሮ ቢገባ ያበቃል። ችግሩ፣ ያቺን ቆርቆሮ ለማስገባት መኪናው ጆኒ ጋ ሳምንት ማደር አለበት። መኪናው ሳምንት ካደረ ደግሞ ገብረየስ የሚስቱን ቁልፍ ሊጠይቅ ነው።

ስለዚህ መላ ፈጠረ። መላው መቆየት ነው።

የድሮውን ገብረየስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታክስ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ የቆመ መኪና ያንገበግበዋል፤ ይህም አመል ከታክሲው ከወረደ በኋላ አልለቀቀውም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሲል አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይፈልጋል። አራስ ሊጠይቅ ሄዶ ሕፃኑን ሳያይ የወጣበት ጊዜ አለ። እታለማሁ ከሴቶቹ ጋር ገና ወሬ ስትጀምር እሱ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ያንቃጭላል። ጎረምሳው ከመጣ ወዲህ ግን ይኸው ሰው ከገባበት የማይወጣ ሆነ። ለቅሶ ቤት እራት ሳይቀርብ አይነሳም። እንጀራ ሊገዛ ወርዶ ከባለሱቁ ጋር ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጫወታል። የልደት ግብዣ ላይ ኬኩ አልቆ ወንበር ሲያጣጥፍ ይገኛል። ሰው መጀመሪያ ተገረመ፤ ቀጥሎ ወደደው። ገብረየስ በስተርጅና ጨዋታ አወቀ ተባለ። እሱ ደግሞ በወሬው መሀል ውጭ ብቅ እያለ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው ነክቶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይመለስና ሌላ ሻይ ይቀበላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ሐምሌ፣ ፍልሰታ ሊገባ ትንሽ እስኪቀረው ደረሰ።

በዚያን ጊዜ ኃይለልዑል ዮዲ የምትባል የአሌክሳንድርያ ልጅ ሊያገባ ተስማምቶ ነበር። ልጆቹ ጨርሰዋል፤ የቀረው ሽማግሌ ተልኮ ወላጆቿ በወጉ መጠየቃቸው ነው። ልጆቹ ወጉን «ሶ ኪዩት»፣ ደስ ሲል ብለው ነው የተቀበሉት። የዮዲ አባት አቶ ሲራክ ግን በወግ ቀልድ አያውቁም። ትልቋን ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሎች ስንት ጊዜ እንዳመላለሷቸው በሰፊው የተወራ ነው፤ የመጨረሻዋ ልጅ ደግሞ ይብስባቸዋል እየተባለ ነው። ገብረየስ ሦስት ሰው መረጠ፤ ጋሼ ዓብዩን፣ ያለው የሚባለውን፣ በሰውነቱ ግዙፍ የሆነውንና ሰፊ ቫን የሚነዳውን ጓደኛውን፣ ከታክሲ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀውን ቀጭኑን ምናሴን። ሦስቱ በያለው ቫን ይሄዳሉ። የልጁ አባት እንደ ወጉ ቤቱ ተቀምጦ ይጨነቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ያለው ደወለ። ቀኑን ረስቶ ቫኑን ለልጁ ለሳምሪ ሰጥቷት፣ እሷም ጓደኞቿን ጭና ሄርንደን ሄዳለች። ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ መኪና ያለው ሰው ይፈለግ አለ።

እታለማሁ ስልኩን ሰምታለች። ከቦርሳዋ የራቭፎሯን ቁልፍ አወጣችና ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ በገብረየስ ስኒ አጠገብ አኖረችው። አራት በር ያለው፣ ኤሲው አጥንት ድረስ የሚያቀዘቅዝ መኪና ቁልፍ ነው። ገብረየስ ቁልፉን አየው። ልጁን አሰበ። ግዙፉን ያለውን በጎረምሳው ውስጥ አሰበው። ቁልፉን ካነሳ መኪናው ሄደ። ካላነሳና ጎረምሳው ዛሬ ሽማግሎቹን ካዋረደ ደግሞ የሚሄደው መኪናው ብቻ አይደለም።

«ካልፈለግኸው ይቀመጥ» አለች ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው መልሳ። «ቁልፍ አይሻግትም።»

«እኔው አደርሳቸዋለሁ።»

«በሱ?»

«በየቀኑ ነው ያልሽኝ እኮ። ቅዳሜም ቀን ነው።»

«ይሁን» አለች። «ልጄ ቆሞ ቢቀር ግን አራታችሁም ጋራዥ ነው የምታድሩት።»

ሽማግሎቹ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው መጡ። መኪናውን ዞረው ሁለት በር ብቻ ቆጠሩ። ከዚያ ምናሴ ይህ መኪና የተሠራው ልጅ ለመጥለፍ እንጂ ለመጠየቅ አይመስልም አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ የያለው ሰውነት ወሰነ፤ ፊት ገባ። ጋሼ ዓብዩና ምናሴ በታጠፈው ወንበር ጀርባ እየሾለኩ ከኋላ ወረዱ፤ መውረድ ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም የኋላው ወንበር ጉድጓድ ነው። የጋሼ ዓብዩ ጉልበት ከአገጫቸው ጋር ትይዩ ሆነ። ጋሼ ዓብዩ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በተከበረ ወንበር እንደተሰየመ ሰው ፊት ለፊት እያዩ «ሂድ» አሉ።

ቤልትዌይ ከወንዙ ድልድይ በፊት በመኪና ተዘግቷል። ፀሐይዋ ጣሪያውን ትጠብሳለች፤ ኤሲ የሚባል ነገር የለም። ያለው መሀረቡን ጨርሶ የነጠላውን ጥለት ሲጠቀም ጋሼ ዓብዩ ከኋላ ገሠጹት። አጠገባቸው ያለው መኪና ውስጥ የነበሩ ልጆች መስኮት ዝቅ አድርገው ፎቶ አነሷቸው። ጋሼ ዓብዩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ። ምናሴ ደግሞ አቶ ሲራክ ልጃቸውን ቢከለክሉ እንኳ እነዚህ ልጆች አይከለክሉንም አለ። ገብረየስ አልሳቀም። ዓይኑ ከሙቀት መለኪያው አልተነሳም። ሲያሰላ የነበረው ይህን ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ ብዙ አይቆይም፤ ቆሞ ይናገራል፣ ቀጠሮ ይቀበላል፣ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩን ሳያጠፋ መጠበቅ አለበት።

ከቤቱ ራቅ ብሎ ለመቆም አስቦ ነበር። አቶ ሲራክ የሚኖሩበት ግቢ ግን ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ማቆሚያ የባለቤቱ ቁጥር ተጽፎበታል። ለእንግዳ የተተወችው አንዲት ቦታ ከአቶ ሲራክ በር ፊት ለፊት ናት። እዚያው ገባ። የማርሚታው ጩኸት የሰዎችን መስኮት ያንቀጠቅጣል። ሽማግሎቹ በብዙ ትግል ወጡ፤ ጋሼ ዓብዩን ምናሴ ከውጭ ሳበ፣ ያለው ክንዳቸውን ያዘ። ቆመው ነጠላቸውን ካስተካከሉ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«አጥፋው እንጂ፤ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው፣ ቤት ልናፈርስ አይደለም።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢቆይ...»

«አጥፋው።»

አጠፋው። 

እንዳሰበው ነው የሆነው። ሽማግሎቹ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ውሃ ሲቀርብ አልነኩም፤ ጋሼ ዓብዩ በሚያምር ቃል ተናገሩ። አቶ ሲራክም በሚያምር ቃል መለሱ፤ ልጅቷን እንጠይቅ፣ ዘመድ እናማክር፣ ከፍልሰታ በኋላ ተመለሱ። ያ ማለት ገና ብዙ ትመላለሳላችሁ ማለት ነው። ሽማግሎቹ እጅ ነሥተው ወጡ፤ እንደገና ታጥፈው ገቡ፤ ጋሼ ዓብዩ እንደገና «ሂድ» አሉ።

ገብረየስ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ።

አዞረ። ጠቅ።

ያለው ዞር ብሎ አየው። ገብረየስ እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከመካኒኩ በቀር ለማንም ያልነገረውን ነገር ለሦስት ሽማግሌ ነገራቸው። ሲበርድ ይነሳል አለ። ምናሴ ትንሽ አሰበና፣ ባለፈው እኔ ቤት እስከ ማታ ቆይተህ የልጅነት ታሪኬን ሁለቴ ያስወራኸኝ ለዚህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።  ምናሴ እውነት የጓጓ መስሎት እንደነበር በሐዘን ተናገረ።

ያለው ግን ለቀልድ አልተመቸውም። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። መስኮት ላይ ሰው ሳያየን ለእታለማሁ ይደወልላትና መጥታ ትውሰደን አለ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ገብረየስ ስልኩን አወጣ፤ ስሟን ፈልጎ አገኘ፤ አውራ ጣቱ ስሟ ላይ አንዣብቦ ቀረ። ከኋላ ጋሼ ዓብዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውሉን የሰሙት እሳቸው ናቸው።

«እያዩን ነው» አለ ምናሴ።

የቤቱ መጋረጃ ተንቀሳቅሷል። ወዲያው በሩ ተከፈተና የዮዲ እናት ወይዘሮ አፀደ በትሪ አራት ብርጭቆ ውሃ ይዘው ወጡ። በረዶው ብርጭቆው ውስጥ ይንኳኳል። ምነው ቀራችሁ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ሆናችሁ፣ ግቡ እንጂ አሉ። ያለው እጁን ዘረጋ።

«እናመሰግናለን» አሉ ጋሼ ዓብዩ ከጉድጓዳቸው ውስጥ። «ቃል ሳንሰማ ውሃችሁን አንጠጣም።»

የያለው እጅ ባየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጭኑ ተመለሰ። ጋሼ ዓብዩ ውሸት አልተናገሩም፤ ወጉ እንዲያ ነው፤ ቤት ውስጥም ውሃ አልነኩም። ወይዘሮ አፀደ ግን ትሪያቸውን እንደያዙ ሦስቱን ላብ ያጠመቃቸውን ሽማግሎች፣ መሪው ጀርባ አንገቱን የቀበረውን ሰው፣ ምድጃ የመሰለውን መኪና አዩና ፊታቸው ተለወጠ። በፍጥነት ተመለሱ። በረዶው ሲንኳኳ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ፤ ያለው እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ጋሼ» አለ ገብረየስ ቀስ ብሎ፣ «ሴትዮዋ ያሰቡት ሌላ ነው። መልስ ካላገኘን አንነሳም ያልን ነው የመሰላቸው።»

«ያሰቡትን አልነገሩንም» አሉ ጋሼ ዓብዩ። «ስልክህን አስቀምጥ።»

እንደተቀመጡ ቆዩ። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል፤ የሚሰማው የወይዘሮ አፀደ ድምፅ ነው። ጥላ ትንሽ ወደ ኮፈኑ መጣች፤ ነፋስም ነፈሰ። ገብረየስ መዳፉን ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ አሳረፈ። በልምዱ ሲገምት፣ ጊዜው ሳይደርስ አልቀረም። እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«አትንካው» አሉ ጋሼ ዓብዩ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ሲራክ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ከሱፋቸው ላይ ክራቫታቸውን አውልቀው፣ ብቻቸውን መጡ። ዞረው በገብረየስ መስኮት በኩል ቆሙና ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። የመኪናው ሙቀት ፊታቸውን ሲመታው ትንሽ ወደ ኋላ አሉ።

«እርስዎ የልጁ አባት ነዎት አይደል?»

ገብረየስ መደበቅ ስለማይቻል ነኝ አለ።

«በዚህ አገር ብዙ ቦታ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ» አሉ አቶ ሲራክ። «ተመለሱ ስባል መኪናዬን አስነሥቼ እመለሳለሁ። ወደ እኔም የመጣ ሁሉ እንዲያው ነው፤ ሥራ አለው፣ ፓርኪንግ ይቆጥርበታል። አባቴ ሲነግሩኝ ግን ድሮ ሽማግሌ ደጅ ላይ ፀሐይ እየመታው ይውል ነበር። እኔ አላየሁም ነበር። ዛሬ አየሁ።» እጃቸውን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። «ልጄን እንዲህ የሚፈልጋት ቤት ካለ፣ እኔ ምን አመላልሳለሁ።»

ገብረየስ ሊቀበል የሚገባው ቃል ይኸው መጣ። ከኋላ የጋሼ ዓብዩ ጫማ የወንበሩን ጀርባ በቀስታ ገፋው፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ግን ገብረየስ በሥራ ዘመኑ ለማይገባው ሰው የታክስ ተመላሽ አስወጥቶ አያውቅም።

«አቶ ሲራክ፣ አላሳስትዎትም» አለ። «እኛ ደጅ ልንጠና አልተቀመጥንም። መኪናው ሲሞቅ አይነሳም። ቆሞብን ነው።»

ያለው ዓይኑን ጨፈነ። ምናሴ ወደ ጣሪያው አየ።

አቶ ሲራክ ገብረየስን ተመለከቱት፤ ከዚያ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ። እንዲህ ያለውን ትሕትና ያውቁታል። ጨዋ ሰው ያደረገውን መልካም ነገር አላደረግሁም ይላል፤ ቸርነቱን በድንገተኛ ነገር ያሳብባል። ራሳቸውም እንዲያው ናቸው።

«ቆመብኝ ነው የሚሉት?»

«እውነቴን ነው።»

«እስቲ ያስነሡት።»

ገብረየስ ቁልፉን አዞረ። ጎረምሳው በመጀመሪያው ዙር፣ እንደ ጠዋቱ፣ ግቢውን በሚያናውጥ ድምፅ ተነሳ። ሁለት ውሾች ጮኹ። የጎረቤት ሰው በረንዳ ላይ ወጣ። ገብረየስ መሪውን እንደያዘ፣ በሐሰት እንደተያዘ ሰው ፊቱ ቀላ። እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ መኪናው ዋሾ አደረገው።

አቶ ሲራክ ሳቁ። ሚስታቸው በኋላ እንደመሰከሩት፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ሲስቁ የታዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የገብረየስን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «የልጅዎ ነገር አሁን ገባኝ» አሉ። «ያጥፉትና ግቡ። እርስዎም። ሽማግሎቹ ውሃ ይጠጡ፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ገብረየስ ቀና ሲል፣ በላይኛው ፎቅ መስኮት ዮዲ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየ።

ቤት ሲገቡ ያለው የውሃውን ጆግ ለብቻው ጨረሰው። ጋሼ ዓብዩ ጥሩውን ወንበር ይዘው፣ ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ ስለ ድሮ ሽምግልና ሲናገሩ አቶ ሲራክ እንደ ተማሪ አዳመጡ። ዮዲ ለሁሉም እጅ ነሥታ ገብረየስ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆየች።

«ጋሼ» አለች በሹክሹክታ፣ «ኃይሌ እኔን ዴት ሲወስደኝ በሱ ነው የሚመጣው። እስኪበርድ ስንት ጊዜ ኮስትኮ ገበያ በር ላይ እንደተቀመጥን የኔ ዳድ አይወቅ፣ እሺ?»

ገብረየስ እሱ ነግሯቸው እንዳላመኑት አስረዳት። አውቃለሁ፣ በመስኮት ሰምቻለሁ አለች፤ ሳቋም እንደገና መጣ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለስ እታለማሁ ሳሎን ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። ራቭፎሯ ደጅ ናት፤ ቁልፉም ስኒው አጠገብ ጠዋት በነበረበት ቦታ አለ። ወይዘሮ አፀደ ደውለውላት ኖሮ ሁሉንም ሰምታለች፤ የሰማችው ግን የእሳቸውን ታሪክ ነው፤ ባሏ ሽማግሎቹን ይዞ ፀሐይ ላይ ስለመቀመጡ፣ ውሃ ስለ መመለሱ፣ ቆመብኝ ብሎ በትሕትና ስለ ማመካኘቱ።

«ጀግና ሆነሃል» አለችው። «አሌክሳንድርያ ሁሉ የሚያወራው ያንተን ነገር ነው።»

ገብረየስ ተቀመጠ። ለአቶ ሲራክ የተናገረውን ለሚስቱ የሚደብቅበት ምክንያት አልታየውም። ሞተሪኖው ስለ መጠበሱ፣ ስለ ቆርቆሮዋ፣ ጆኒ ጋ ስለሚያስፈልገው ሳምንት አንድ በአንድ ነገራት። ቁልፍሽን አልጠየቅሁም አለ፤ ስልኬን ግን አውጥቼ ነበር። ጋሼ ዓብዩ ባይኖሩ ልደውል ነበር። ስለዚህ ውሉ ፈርሷል ካልሽ ፈርሷል። ካልፈረሰ ደግሞ ፍቀጂልኝና ሳምንት ባውቶቡስ እየሄድኩ ላስጠግነው።

እታለማሁ የያዘችውን ፎጣ አጥፋ ጨረሰች።

«እኔ ነርስ ነኝ እኮ ገብሬ» አለች። «ከለቅሶ ቤት እየወጣህ የብረት ግንባር ስትዳስስ ምን እንደምታደርግ የማላውቅ መስሎህ ነው?»

«ታውቂያለሽ?»

«ከገዛኸው ሰሞን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

 ሌላ ፎጣ አነሳች። «ካገባሁህ ጀምሮ» አለች «የሰው ቤት ገብቼ የጀመርኩትን ወሬ ጨርሼ አላውቅም ነበር። አንተ በር ላይ ቁልፍህን ታንቃጭላለህ፣ እኔ ጫማዬን እፈልጋለሁ። ሰው ሁሉ የእታለማሁ ወሬ ግማሽ ነው ይለኝ ነበር። አሁን ጨርሼ ነው የምወጣው።» ፎጣውን አጠፈችና ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። «ማን አስጠግን አለህ?»

 እሷ ተነስታ ቁልፏን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ስካይላይን ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት አራስ ሊጠይቁ በጎረምሳው ሄዱ። እታለማሁ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ የሽምግልናውን ነገር ከጠረጴዛው ላይ ከነበረው ቁልፍ ጀምራ መተረክ ያዘች። ገብረየስ ሻዩን ሲጨርስ እንደ ልማዱ በሊፍት ወርዶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። በርዷል። ቢያዞረው በመጀመሪያው ይነሳል።

ወደ ላይ ተመለሰ። እታለማሁ ታሪኩ ላይ ገና ድልድዩ ጋ ነበረች። በወሬው ምን ያህል እንደተመሰጠች ልብ አለ፤ እሷም በጥያቄ ዓይን አየችው።

«ገና ነው» አላትና፣ ሕፃኑን ስጡኝ ብሎ ተቀመጠ።